ከኮሶዬ የሚመልስ ጎማ

ሳሊም ዐብዱረሕማን ጎማውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መኻል ይዞ አሸት አሸት አደረገው። ቀጥሎም ወደ ሱቁ ደጃፍ ወጣና ጎኑን ወደ ፀሐዩ ገልብጦ ተመለከተው፤ ልክ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ከመግዛቱ በፊት እንደሚያደርገው። ሁለት ሜትር ቴትሮን ፈልጋ የመጣች ሴት ቆማ ቆማ ሲሰለቻት፣

"ጋሼ፣ እሱስ በሜትር ስንት ነው?" አለችው።

በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን የምትረግጠው ባለቤቱ ፈህሚያ ቀና አለች።

"እሱን እንኳ አይሸጥልሽም። እስከ ጥር መጨረሻ ታገሺኝና እኔ ከነብስክሌቱ እሸጥልሻለሁ።"

ሴትዮዋ ሳቀች። ሳሊም ግን አልሳቀም፤ ፈህሚያ እንዳልቀለደች ያውቃልና።

የሳሊም ቤተሰብ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ነው። አያቱም አባቱም በዚያው ንግድ ኖረው በዚያው አርጅተዋል። እሱም ገና ፊደል ሳይለይ ካኪን ከሸራ፣ አቡጀዲን ከቴትሮን በጣቱ ይለይ ነበር። ልቡ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያደረው ሁለት ጎማ ላይ ነው። በዚያን ዘመን ብስክሌት የሚገዛለት ልጅ አልነበረም፤ ጃንተከል አካባቢ ለሩብ ሰዓት የሚያከራዩ ሰዎች ነበሩ እንጂ። ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ አከራዩ እየጮኸ ከኋላ ይሮጣል፤ ልጁም እንዳልሰማ ሆኖ አንድ ዙር ይጨምራል። ሳሊም ከሌሎቹ የሚለየው ከብስክሌቱ ከወረደ በኋላ እንኳ ጥያቄው የማያልቅ በመሆኑ ነበር። "ይችኛዋ ከዚያችኛዋ ምነው ፈጠነች?" ይላል። አከራዩም፣ "ነዳህ አይደል? በል ወደ ቤትህ!" ይለዋል።

አራተኛ ክፍል ሳለ የሳይንስ መምህሩ መጽሐፉን በአንድ እጃቸው ዘርግተው፣ "ሰበቃ ጠቃሚም ጎጂም ነው" ብለው ሲያስተምሩ፣ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ነቅቶ ያዳመጠ እሱ ነበር። ሰበቃ ባይኖር ሰው መራመድ አይችልም፤ ሰበቃ ሲበዛ ደግሞ ጋሪው ከቦታው አይንቀሳቀስም። መጽሐፉ ላይ የተሣለው ጋሪና ጋሪውን የሚስበው በቅሎ ዛሬም ከዓይኑ አልጠፉም። ፈተናውን አለፈ፤ አንድ ጥያቄ ግን አብሮት አደገ። እንግዲያው የሚበቃው ሰበቃ ምን ያህል ነው?

ዕድሜው ሃምሳን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግዳ አንድ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ገዛ። በዚያው ዓመት በጥር ወር በሚካሄደው የብስክሌት ውድድር ተመዘገበ።

ይህን የጥር ውድድር የሚያዘጋጁት የከተማው የብስክሌት ወዳጆች ናቸው። ጥምቀት አልፎ፣ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቆ ሲሰነጠቅ ይካሄዳል። ከጎንደር ተነስተው በደባርቅ መንገድ ሽቅብ እስከ ኮሶዬ ይወጣሉ። ከኮሶዬ አስፋልቱን ለቀው በገበሬው ማሳና በጋሪ መንገድ ሲዞሩ ይውላሉ፤ ከዚያም እንደገና ኮሶዬ ላይ አስፋልት ይዘው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መድረሻው ላይ ገመድ ይወጠራል። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው እንዳልጨረሰ ይቆጠራል።

ሳሊም በመጀመሪያው ዓመት ከብስክሌቷ ጋር በመጣው ያለቀ ጎማ ሄደ። ገበሬው አጥሩን ያጠረበት እሾህ በበጋ ደርቆ መንገዱ ላይ ይራገፋል፤ ኩርንችቱም እንዲሁ። ጎማው ሲተነፍስ ሲለጥፍ፣ ሲለጥፍ ሲተነፍስ፣ ማስቲሹ አለቀና በጭነት መኪና ተሳፍሮ ተመለሰ። በሁለተኛው ዓመት ጥርሶቹ የበግ ጥፍር የሚያህሉ ወፍራም ጎማ አስገጠመ። እውነትም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነፈሰበትም። ዳሩ ግን ሲደርስ አዘጋጆቹ ገመዱን ጠቅልለው ሄደዋል። መድረሻው ላይ የጠበቀው አንድ ውሻ ብቻ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት ነገር እንቅልፍ ነሣችው። ያስቀረኝ እግሬ ነው ወይስ ጎማው?

"እግርህ ነው" አለችው ፈህሚያ። "እንግዲህ ስማኝ። በገበያው ቀን ሱቁን ለእኔ ጥለህ ትጠፋለህ። ማታ ተልጠህ፣ እያነከስህ ትመጣለህ። ዘንድሮ ገመዱ ሳይወጠር ከገባህ እስክታረጅ ንዳት፤ አፌን አልከፍትም። ካልገባህ ግን ትሸጣለች። ተስማማን?"

"ጥፋቱ የጎማው ከሆነስ?"

"የጎማው ይሁን የጉልበትህ እኔ ምን አገባኝ! ትሸጣለች።"

ተስማማ። ብስክሌቷን ማጣት አስፈርቶታል፤ የጥያቄውን መልስ ሳያውቅ ማጣቷ ደግሞ የበለጠ አስፈርቶታል።

ብስክሌቷን የሚጠግንለት ደሴ የጭልጋ ሰው ነው። ከአራዳ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ፖምፓውንና ማስቲሹን ዘርግቶ የሚውል ቀልደኛ ጎሚስታ። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ጎማ በጥንድ በጥንድ አስመጥቶለት ነበር። ሁለቱም ጥርሳቸው ዝቅ ዝቅ ያለ፣ ለደረቅ መሬት የተሠሩ ናቸው። ጎናቸው ላይ ግን በአንደኛው ስልሳ፣ በሁለተኛው መቶ ሃያ የሚል ቁጥር አለ።

"ቁጥሩ የክሩ ነው ይላሉ" አለ ደሴ። "በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው ክር።"

"የምን ክር?"

"የጎማው ነዋ! ላስቲክ የምታየው ላዩን ነው፤ ከሥር ጨርቅ ነው።"

ሳሊም ጎማውን ተቀብሎ ከውስጥ በኩል ገለበጠው። እውነት ነው፤ ክሩ እንደ ድር ተሰልፎ ይታያል። ፊቱ በራ። ዕድሜ ልኩን የነገደበት ነገር ጎማ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል!

"እንግዲያው ነገሩ አለቀ" አለ። "መቶ ሃያው ነው። ክሩ የበዛ ጨርቅ ጥብቅ ነው፤ ጥብቅ ጨርቅ ደግሞ አይቀደድም። ይህንን ለእኔ ተወው።"

"አያ ሳሊም፣ ለሠርግ የሚለበስ አደረግኸው እኮ! ይኸ ስስ ነው። ያንን ባለ ጥርሱን አትንካው፤ ሸጋ ጎማ ነው።"

"ባለፈው ዓመት አንተን ሰምቼ ውሻ ነው የተቀበለኝ።"

"ጎማህ ግን ተነፈሰ?"

"አልተነፈሰም።"

"ታዲያ! እኔ የገጠምሁት ጎማ ነው፤ እግር አልገጠምሁም።"

ሳሊም በክርክር የሚረታ ሰው አልነበረም፤ ማየት ይፈልጋል። እሑድ ጧት ሦስቱንም ጎማ ተሸክሞ፣ ደሴንና ፈህሚያን አስከትሎ ወደ ቁስቋም ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ ፔዳል ሳይመታ፣ ፍሬን ሳይነካ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሜዳው ላይ ብስክሌቷ በራሷ ስትቆም ፈህሚያ ድንጋይ ታስቀምጣለች። ደሴ ደግሞ ጎማ ይቀይራል። ፈህሚያ ጃንጥላዋን ይዛ ከታች የቆመችው ልትረዳው ሳይሆን ልትቆጣጠረው ነበር።

"መሪው ላይ ተኝተህ ነፋሱን እንዳታታልል! ሁልጊዜ ቀጥ ብለህ!" ብላ ጮኸችበት።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች ቆመው ያዩት ጀመር። አንዷ አዛውንት ሁለት ጊዜ ሲወርድ፣ ሁለት ጊዜ ሽቅብ ሲገፋ አይተው ልባቸው አልቻለም።

"አንተ ሰው፣ ፔዳሉ ተሰበረብህ እንዴ?"

"አይ እማማ፣ ደኅና ነው።"

"ታዲያ ምነው የማትመታው?"

"ሳልመታው የት እንደሚደርስ ልይ ብዬ ነው።"

አዛውንቷ ወደ ፈህሚያ ዞሩ። "አይዞሽ ልጄ፣ ይሻለዋል" አሏትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ባለ ረጅም ጥርሱ እያጉረመረመ ወርዶ ከሁሉ ኋላ ቆመ። ስልሳው በጣም አለፈው። መቶ ሃያው ግን ድምፅ ሳያሰማ፣ ውኃ ላይ እንዳለ ቅጠል ተንሳፍፎ፣ ሁሉንም ጥሎ ሄደ። ደሴ ራሱን አከከ። ሳሊም ግን በዚህ አልረካም። ከአስፋልቱ አጠገብ ባለው ኮረኮንች ላይም ያንኑ ሊደግም ፈለገ፤ እዚያም አንድ እንግዳ ነገር ገጠመው። ጎማውን እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ነፍተው ሲለቁት ብስክሌቷ ከጠጠር ጠጠር እየዘለለች ቶሎ ቆመች። ትንሽ ሲያስተነፍሱት ራቀች።

"ሊሆን አይችልም" አለ ደሴ። "የላላ ጎማ ይጎትታል እንጂ አይሮጥም።"

"አስፋልት ላይ እውነትህን ነው፤ ይጎትታል። እዚህ ግን ጠጠሩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል። ጠንካራው ይዘለዋል፤ በዘለለ ቁጥር ጉልበቱ ወደ ላይ ይባክናል።"

ፈህሚያ ጃንጥላዋን አጥፋ ሮጥ ብላ መጣች።

"እስቲ ደግሞ ትንሽ አስተንፍሰው" አለች። ወዲያው የተናገረችው ገባትና፣ "ማለቴ፣ ቶሎ ጨርሱና እንሂድ" አለች።

መቶ ሃያው ተመረጠ። ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሳሊም ማሳውን ሊሞክር ብስክሌቷን ሚኒባስ ላይ ጭኖ ኮሶዬ ወጣ። የጋሪውን መንገድ ይዞ ሲወርድ ጎማው ልቡን ቀለል አደረገለት፤ ደረቁ አፈር እንደ ዱቄት ከሥሩ እየቦነነ፣ ንፋሱ ጆሮው ላይ እያፏጨ። ከአንድ መታጠፊያ ላይ ግን ከመሬት ብቅ ያለ ጥቁር ስለታም ድንጋይ የኋላውን ጎማ ጎን ላጠው። እሾህ ቢሆን ይለጠፋል። ይህ ግን ጣት የሚያስገባ ቅድ ነው፤ የውስጡ ጎማ በቅዱ ወጥቶ እንደ ፊኛ አበጠና ፈነዳ።

ብስክሌቷን ተሸክሞ አስፋልቱ ዳር ሲደርስ፣ ለመንገደኛ ምግብ የምትሸጠው ሥርጉት ከደጇ ሆና አየችው።

"አያ፣ ምነው እሷ ትሸከምህ አልነበረም እንዴ?"

"በተራ ነው" አላት።

ማግስቱን ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የተቀደደውን ጎማ በመርፌ ፈታው። አንድ ክር አውጥቶ ወደ ብርሃኑ ያዘ፤ የሸረሪት ድር ነበር የሚመስለው። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ሻሽና ቁራጭ ሸራ አወረደና ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሁለቱንም በጣቱ ዳሰሳቸው።

"ፈህሚ።"

"አቤት።"

"ክሩ የበዛው እኮ ስለ ቀጠነ ነው። በዚያችው ኢንች ውስጥ መቶ ሃያ ክር የሚገባው ቀጭን ከሆነ ነው። ሻሽ ክሩ ስንት ነው? ስፍር ቁጥር የለውም። በጥፍር ግን ይቀደዳል። ሸራ ክሩ ጥቂት ነው፤ የበቅሎ ጭነት ይችላል። ለዚህ ነው ለስላሳው የሚሮጠው፤ ለዚሁም ነው የሚቀደደው። ሻሽ ሸጬ ያረጀሁ ሰው የሸራውን ሥራ ለሻሽ ሰጠሁት!"

ፈህሚያ እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ ግን የስፌት መኪናዋን አቆመች።

"የተቀደደው የትኛው ነው?"

"የኋላው።"

"የፊተኛውስ?"

"አንድ ጭረት የለውም።"

"በዚያው ድንጋይ አይደለም ያለፈው?"

"የፊተኛውን እኔ ነኝ የምመራው፤ ዓይኔ ያየውን ድንጋይ አሳልፈዋለሁ። የኋላው ዕውር ነው፤ መታጠፊያ ላይ ውስጥ ውስጡን ቆርጦ ይከተላል። ክብደቴም እሱ ላይ ነው።"

ፈህሚያ ልትጠግነው የያዘችውን ሱሪ ከፍ አድርጋ አሳየችው።

"ሰው ሱሪ ይዞልኝ የሚመጣው መቀመጫው ሲያልቅ ነው። መቀመጫው አለቀ ብዬ ሙሉውን ሱሪ በሸራ ልስፋው? እንዲያ ቢሆን ማን ይራመድበታል! ድርብ የማደርገው መቀመጫውን ብቻ ነው።"

ሳሊም አፉን ከፍቶ አያት። ፈህሚያ ደግሞ ሱሪውን ጭኗ ላይ ጥላ ግንባሯን መታች።

"ወይ እኔ! ልሸጣት ያሰብኋትን ብስክሌት ጠገንኩለት!"

በዚያው ቀን ደሴ የተረፈውን መቶ ሃያ ከፊት፣ ስልሳውን ከኋላ ገጠመ። እጁ እየሠራ አፉ ግን አላረፈም። "አንድ እግርህ ጫማ፣ አንድ እግርህ ሰንደል! ሰው አይቶህ ማን ገጠመልህ ቢልህ፣ ደሴ ነው እንዳትል አደራ።"

የውድድሩ ዕለት ጧት ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር። አስፋልቱን ሽቅብ ሲይዙት ወጣቶቹ አንድ በአንድ ሳሊምን ጥለውት ሄዱ። ጎማው እንደ ብርጭቆ ጠንክሮ ተነፍቷል፤ ሳንባው ግን እንደ ወናፍ ይነፋል። ኮሶዬ ሲደርስ ከኋላው ማንም አልነበረም። "ይኸ እግሬ ነው" አለ ለራሱ። በውስጡ እንደ ፍርድ የተሰማው ቃል ነበር። ያም ሆኖ ቆሞ ሁለቱንም ጎማ ጥቂት አስተነፈሰና የጋሪውን መንገድ ያዘ።

እዚያ ነገሩ ተለወጠ። ባዶው ማሳ ላይ፣ ገለባው በተበተነበት አውድማ ዳር፣ ያለፉት ወጣቶች ብስክሌታቸውን ገልብጠው ተቀምጠዋል። አንዱ እሾህ ይነቅላል፤ ሌላው የጠነከረ ጎማው ዘሎ ጥሎት ጉልበቱን ይጠርጋል። ሳሊም እያንኮሻኮሸ አለፋቸው። ከፊቱ ያለው ጎማ መንገዱን ሲዳስስ ይሰማዋል፤ ከኋላው ያለው ድንጋዩን በጎኑ እየገፋ ዝም ብሎ ይከተላል። የኋላው ጎማ ሲመታ በሰማ ቁጥር ልቡ ይቆማል፤ ጎማው ግን አይቆምም።

ብስክሌተኞቹ አላስቆሙትም። ያስቆመው የራሱ ጠባይ ነው። ሚስጥር የምትባል ጎበዝ ተወዳዳሪ መንገዱ ዳር ተቀምጣ ጎማዋን ስትፈታ አየና፣ ሳያስበው ወረደ።

"የት ላይ ነው የተቀደደው? ጎኑ ነው? ክሩ ስንት ነው?"

"ጋሼ፣ ውድድር ላይ ነን እኮ!"

"አዎ፣ አዎ፤ እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ ልዳስሰው። እዚህ ጋ ምንኛ ሳስቷል!"

"ኧረ ሂድ ጋሼ! ሰዓቱ ይሄዳል!"

ልጅቷ በሳቅ ገፍታ አባረረችው። ሳሊም ግን ከእሷ በኋላም ሌሎች ሁለት ጎማዎችን ቆሞ ሳያይ አላለፈም። ኮሶዬ ተመልሶ ሲደርስ ፀሐይዋ ከአናት ዘንበል ብላለች። ከሥርጉት ደጅ ተጣጥቦ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰገደ፤ ሲያበቃ ለቁልቁሉ አስፋልት ጎማዎቹን ይነፋ ጀመር።

"አያ፣ ሌሎቹ እኮ አለፉህ!" አለች ሥርጉት። "ዛሬም በተራ ነው እንዴ?"

"ስንት ሰዓት ነው?"

ነገረችው። ፖምፓውን ጣለና በረረ።

ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን ነው ማለት ይቻላል የወረደው። ዳገት ዳገቱ ላይ እግሮቹ እንቢ አሉ፤ ቆሞ ረገጠ፤ ተሳደበ፤ ለመነ። የከተማው ቤቶች ሲታዩት ጎማው ከአስፋልቱ ጋር የሚያሰማው ዝማሬ ብቻ ነበር በጆሮው የቀረው። ያ ድምፅ እንዳይቋረጥ ብቻ ፔዳሉን መታ።

መድረሻው ላይ ገመዱን የያዙት ሁለት ሰዎች መወጠር ጀምረው ነበር። አንደኛው ጫፍ ከምሰሶው ጋር ታስሯል፤ ሁለተኛውን የያዘው ክንዱ የተባለ ሰው ወደ ማዶው ምሰሶ እየተራመደ ነው። ክንዱ ወደ ኋላው ዞር አለና አቧራ የለበሰ ሰው እየጮኸ ሲመጣበት አየ። ገመዱን እንደያዘ ዘሎ ወደ ዳር ሸሸ። ሳሊም መኻል ለመኻል አለፈ፤ አልፎም ማቆም አቅቶት ከሰዎች መኻል ገብቶ ወደቀ።

"ገብቷል!" አለ ክንዱ። "ገመዱ አልተወጠረም። ዓይኔ ነው ያየው።"

መጨረሻ የገባው እሱ ነበር። ደሴ አንሥቶ አቀፈውና፣ "ጎማውን የገጠምሁት እኔ ነኝ!" እያለ ለሰው ሁሉ ይነግር ጀመር። ፈህሚያ ውኃ ይዛ መጣች። ፊቱን አጥባ፣ ክርኑ ላይ የተላጠውን አይታ፣ ዝም አለች። አፌን አልከፍትም ብላ ቃሏን ስትሰጥ ምስክር አልጠራችም፤ ሳትጠራም ልትጠብቀው ነው።

"እና?" አለችው በመጨረሻ። "እግርህ ነው ወይስ ጎማው?"

"ሽቅብ ላይ እግሬ ነው። ማሳው ላይ ጎማው ነው።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "የዘገየሁት ግን በሌላ ነው።"

"በምን?"

"የሰው ጎማ ሳይ።"

ፈህሚያ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። "ብስክሌትህ አትሸጥም። ዛሬ ግን አትነዳትም" አለችና ባጃጅ አስቆመች። ብስክሌቷን ከላይ አሰሩ። ሳሊም ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠና፣ ገና ባጃጁ ከመንቀሳቀሱ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

"ወንድሜ፣ ያንተ የኋላና የፊት ጎማ አየሩ እኩል ነው?"

"እኔ እንጃ ጋሼ። ጎሚስታው ነው የሚነፋው።"

"ምነው ሳትጠይቀው!"